ጤነኛ ሰው ላይ ትርፍ ክሮሞሶም ሲገኝ፦ ከውጤቱ ወረቀት በኋላ ምን ይደረጋል?

የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ የምሠራው ድሬዳዋ ነው። ደም መቅዳት፣ ናሙና ማሸግ፣ ከአዲስ አበባ የተመለሰ ውጤት ለባለቤቱ ማስረከብ የዕለት ሥራዬ ነው። ከማስረክባቸው ወረቀቶች ሁሉ ሰውን አብዝቶ የሚያስደነግጠው «47፣ ኤክስ ኤክስ፣ ፕላስ ማር» የሚለው ነው፤ ለወንድ ሲሆን «47፣ ኤክስ ዋይ፣ ፕላስ ማር» ይላል። የሰው ልጅ 46 ክሮሞሶም እንዳለው ሁላችንም ተምረናል። 47 የሚል ቁጥር ያየ ሰው ቶሎ የሚያስበው ዳውን ሲንድረምን ነው፤ ግን አይደለም። በዳውን ሲንድረም አብዛኛውን ጊዜ የሚጨመረው ሙሉው 21ኛ ክሮሞሶም ነው። «ማር» የተባለው ማርከር ክሮሞሶም ግን ትንሽ ቁራጭ ነው፤ ከማነሱ የተነሣ የተለመደው የማይክሮስኮፕ ምርመራ ከየትኛው ክሮሞሶም እንደተቆረጠ ሊለየው አልቻለም ማለት ነው።

ሐረር የምትኖረው ታናሽ እህቴ ይህ ወረቀት የደረሳት ሁለት ጽንስ ካስወረዳት በኋላ ነው። ሐኪሟ ባልና ሚስቱን አንድ ላይ የክሮሞሶም ምርመራ አዘዘላቸው፤ የባሏ 46 ሆኖ የእሷ 47 ሆነ። በዚያው ሳምንት በቤተ ዘመድ መካከል «ችግሩ ከእሷ ነው» የሚለው ወሬ ደርሶ ነበር። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው በዚያ ወሬ ተሸንፎ ስለ ትዳሩ ወይም ስለ ጽንሱ ሳይጣራ እንዳይወስን ነው። ወረቀቱ ገና ጥያቄ ነው፤ መልሱ የሚገኘው በሦስት ነገሮች ነው፦ ቁራጩ ከማን ተወረሰ? ምን ይዟል? በስንቱ ህዋስ ውስጥ አለ? በዚህ ቅደም ተከተል ከጠየቁ ገንዘብም፣ ጊዜም፣ እንቅልፍም ያተርፋሉ።

በመጀመሪያ ቁጥሩን ይወቁት

በብዙ አገሮች በተወለዱ ሕፃናት ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ ከ10,000 ሕፃናት በአራቱ ገደማ እንዲህ ያለ ትርፍ ቁራጭ ይገኛል። በዚሁ ስሌት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በሚኖርባት ድሬዳዋ ከ200 ያላነሰ ሰው ይዞት ይዞራል ማለት ነው። ከእነርሱ አብዛኛው አያውቀውም፤ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ቡና ሲጠጣ አጠገብዎ የተቀመጠው ሰው ሊሆን ይችላል። ከተሸካሚዎቹ ሁሉ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ጤነኞች ናቸው። የቀሩት ላይ የሚታየው ችግር ከቀላል እስከ ከባድ ይለያያል፤ ስለዚህ «ምንም አይደለም» ብሎ ወረቀቱን መቅደድም ልክ አይደለም።

ልዩነቱ የሚመጣው ከይዘቱ ነው። መጽሐፍ ውስጥ ተጨማሪ ቅጠል ገብቶ እንደመገኘት ነው፤ ቅጠሉ ባዶ ከሆነ ንባቡን አይነካውም፣ ጽሑፍ ካለበት ግን ምን እንደሚል ማንበብ ያስፈልጋል። ከክሮሞሶሞቻችን አምስቱ፣ ማለትም 13ኛው፣ 14ኛው፣ 15ኛው፣ 21ኛውና 22ኛው፣ አጭሩ ክንዳቸው ላይ ቢተርፍም ቢጎድልም ሰውነታችን የማይሰማው ተደጋጋሚ ነገር ይበዛል። ማርከሮችም በብዛት የሚመነጩት ከእነዚህ ነው፤ 15ኛው ብቻውን የሁሉንም ሲሶ ያህል ይይዛል።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ እናትና አባት

ብዙ ሰው ወረቀቱን ይዞ በቀጥታ ውድ ወደሆነው ምርመራ ይሮጣል። እኔ ግን እናትና አባት በሕይወት ካሉ ከእነርሱ ይጀምሩ እላለሁ። ተራው የክሮሞሶም ምርመራ ካርዮታይፕ ይባላል፤ ከሌሎቹ ርካሽ ነው፤ መልሱም ብዙ ያስረዳል። አንድ ጤነኛ ወላጅ ያንኑ ቁራጭ በሁሉም ህዋሱ ይዞ ዕድሜውን በጤና ከኖረ፣ ቁራጩ ጎጂ ላለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ምስክር ማግኘት ይከብዳል።

ከማርከሮች ሲሶ የሚያህሉት ከወላጅ የተወረሱ ናቸው። የቀሩት በዚያ ሰው ላይ እንደ አዲስ የተፈጠሩ ናቸው። ከተወረሱትም መካከል ከእናት የመጣው ከአባት ከመጣው ይበልጣል። አንዱ ምክንያት በአንዳንድ ወንዶች ላይ ትርፉ ቁራጭ የዘር ፍሬ መመረትን ስለሚያውክ ነው፤ ልጅ መውለድ በተቸገሩ ሰዎች ዘንድ ማርከር ከ10,000 በ12 ያህሉ የሚገኘውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ተሸካሚው ወንድ ከሆነና ልጅ ከዘገየ፣ የዘር ፈሳሽ ምርመራ አብሮ ይታዘዝለት።

እናታችን ከጁገል ውጭ ወርዳ ደም የምትሰጥ ሰው አይደለችም፤ ሆስፒታል የምትሄደው ለሌላ ሰው ጠያቂ ሆና ነው። «ሰባት ልጅ ወልጄ አሳድጌ ዛሬ ደሜ ምን ሊነግረኝ ነው፣ ልጄ?» አለችኝ። «የሰባቱን ጤንነት ይነግረናል፣ እማዬ» አልኳት። በደንገጎ ጠመዝማዛ ወርዳ መጣችና ከእኔው ወንበር ተቀምጣ ክንዷን ዘረጋች። ውጤቷ 47 ሆነ፤ ቁራጩም የእህቴን ይመስላል። ሰባት ልጅ ወልዳ ምንም ያልጎደላት እናት ያንኑ ቁራጭ ስትይዝ፣ ስለ ቁራጩ የነበረን ፍርሃት አብዛኛው ተነሣልን። የእኔ 46 ሆነ። የሁለት ልጆች አባት የሆነው ወንድማችን ደግሞ ይዞታል።

ሁለት ጥንቃቄ እዚህ ላይ አለ። ወላጁ ቁራጩን የያዘው በከፊል ህዋሶቹ ብቻ ከሆነና ልጁ በሁሉም ህዋሱ ከያዘው፣ የወላጁ ጤንነት ለልጁ ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ደግሞም የወላጅና የልጅ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ አንድ ቢመስሉም ይዘታቸው ተመርምሮ ቢረጋገጥ ይመረጣል።

ደሙ ሲቀዳ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ የድካም ሁሉ መበላሻ እዚህ ስለሆነ። ካርዮታይፕ ከሌላው የደም ምርመራ የሚለየው ሕያው ህዋስ ስለሚፈልግ ነው። ላቦራቶሪው ነጭ የደም ህዋሶችን በምግብ ፈሳሽ ውስጥ 72 ሰዓት ያህል ያባዛቸዋል፤ ሊከፈሉ ሲሉ በኮልቺሲን መሰል መድኃኒት ያቆማቸዋል፤ ከዚያ በጊምሳ ቀለም ነክሮ ክሮሞሶሞቹን በየመልካቸው ይደረድራቸዋል። ህዋሱ በመንገድ ከሞተ የሚደረደር ነገር አይኖርም።

ስለዚህ ደሙ የሚቀዳው አረንጓዴ ክዳን ባለው ቱቦ ነው፤ ውስጡ ሶዲየም ሄፓሪን አለ። ሐምራዊ ክዳን ያለው ኢዲቲኤ ቱቦ ለደም ቆጠራ የምንጠቀምበት ነው፤ ለካርዮታይፕ አይመችም። ነገር ግን በኋላ ለሚመጣው የዲኤንኤ ምርመራ የሚፈለገው እሱ ነው፤ ሄፓሪን የዲኤንኤ ሥራን ያውካል። በአንድ መርፌ ሁለቱን ቱቦ ያስሞሉና የሐምራዊው ናሙና እንዲቀመጥ ከላቦራቶሪው ጋር ይነጋገሩ። ሁለተኛ ጉዞ ይቀርልዎታል። ቱቦው እንደተሞላ በዝግታ ገልበጥ መለስ ይደረጋል እንጂ አይናጥም።

ሙቀቱ ሌላው ፈተና ነው። የእኛ ከተማ ግንቦትና ሰኔ ምን እንደሚመስል ለድሬ ሰው አልነግርም። ናሙናው የሚፈልገው የክፍል ሙቀት ነው፤ ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ከተተወ ህዋሱ ይሞታል፤ ከበረዶ ጋር ከተነካካም ይሞታል። እኔ የማደርገው ቱቦውን በጥጥና በወረቀት ጠቅልዬ በክትባት ሳጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ በሳጥኑ ግድግዳ በኩል የቀዘቀዘ እንጂ በረዶ ያልሆነ የውኃ ጥቅል አደርጋለሁ፤ በጥቅሉና በቱቦው መካከል ደግሞ ወፍራም ካርቶን ይገባል።

ቀኑን ይምረጡ። ናሙናው በ24 ሰዓት፣ ቢበዛ በ48 ሰዓት ውስጥ ምግብ ፈሳሹ ውስጥ መግባት አለበት። እኔ በምሠራበት ቦታ የክሮሞሶም ምርመራ ስለማይሠራ ናሙናው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ አንዳንዴ ከዚያም ወደ ውጭ አገር ይላካል። በአውሮፕላን ከድሬዳዋ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ በመኪና ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት ይቀዱ፤ ዓርብ አይቀዱ። ከመቀዳትዎ በፊት ተቀባዩ ላቦራቶሪ ናሙናውን በስንት ሰዓት እንደሚረከብና ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ በየትኛው ቀን እንደሚላክ ስልክ ደውሎ የሚጠይቅ ሰው ይኑር። በቅርብ ጊዜ ደም ተሰጥቶዎት ከሆነ ሳይጠየቁ ይናገሩ።

የስም ነገር ደግሞ አለ። በእኛ አጠራር እናት፣ ልጅና ባል በአባታቸው ስም ስለሚጠሩ ሦስቱም ወረቀት ላይ የማይዛመዱ ሰዎች ይመስላሉ። ናሙናው ውጭ አገር ሲደርስ የእናትየውን ውጤት ከልጅቱ ጋር የሚያገናኘው ሰው አይኖርም። በማዘዣው ላይ «የእገሌ እናት»፣ «የእገሌ ባል» ተብሎ ይጻፍ፤ የልጅቱ የምርመራ ቁጥርም ይጠቀስ። የልደት ዘመንም እንዲሁ ነው፦ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከተነበበ ሰውየው ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨመርበታል። በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፍ፤ የስሙ ፊደልም በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ይሁን።

ወረቀቱን ማንበብ

ውጤቱ ሲመጣ ከፊት ያለውን ቁጥር ብቻ አይመልከቱ። በመጀመሪያ ስንት ህዋስ እንደተቆጠረ ይፈልጉ። የተለመደው 20 ነው። ማርከር ከታየ ግን ቁጥሩ ከፍ ብሎ እስከ 50 ቢደርስ ጥሩ ነው፤ ሐኪምዎ ይህን ላቦራቶሪው እንዲሠራ ሊጠይቅልዎት ይችላል። ምክንያቱም ከተሸካሚዎች ግማሽ ያህሉ ሞዛይክ ናቸው፤ ቁራጩ በአንዳንዱ ህዋሳቸው አለ፣ በሌላው የለም። እንዲህ ሲሆን ወረቀቱ «ሞስ» ብሎ ይጀምርና ሁለት መስመር ይሰጣል፤ አንዱ 47፣ ሌላው 46፣ ከየመስመሩ ኋላ በአራት ማዕዘን ቅንፍ የህዋሱ ብዛት። ነገር ግን በደም የታየው መጠን በአንጎል ወይም በእንቁላል ዘንድ ያለውን አይናገርም። ጥቂት ህዋስ ላይ ስለሆነ ቀላል ነው፣ ብዙ ስለሆነ ከባድ ነው የሚል ሒሳብ የለም።

ይዘቱን መለየት

ሁለተኛው ጥያቄ ቁራጩ ምን እንደያዘ ነው። ሁለት መንገድ አለ፤ እርስ በርሳቸው ይደጋገፋሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም።

የመጀመሪያው ፊሽ የሚባለው ነው። የሚያበሩ ቀለማት የታሰሩባቸው የዲኤንኤ ቅንጣቶች ህዋሱ ላይ ይፈስሳሉ፤ ከሚመስላቸው ክሮሞሶም ላይ ይለጠፋሉ፤ ቁራጩ በየትኛው ቀለም እንደበራ ታይቶ ምንጩ ይታወቃል። ማርከሩ 15ኛው ሲሆን ወሳኙ ጥያቄ የልጅን እድገት ከሚያውኩት ከፕራደር ዊሊና ከአንጀልማን ሲንድረም ጋር የሚያያዘውን ክፍል ይዟል ወይስ አልያዘም የሚለው ነው። ያንን ክፍል ያልያዘ ትንሽ የ15 ቁራጭ በጤነኛ ሰዎች ላይ በተደጋጋሚ ተገኝቷል፤ የእናቴና የእህቴም እንዲህ ያለ ነው። ያንን ክፍል የያዘ ትልቅ ቁራጭ ግን የሚጥል በሽታንና የአእምሮ እድገት መዘግየትን ሊያመጣ ይችላል።

ሁለተኛው ማይክሮአሬይ ነው። በሐምራዊው ቱቦ ደም የሚሠራ ሲሆን በቁራጩ ላይ የትኞቹ ጂኖች ትርፍ እንደሆኑ ይዘረዝራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ማይክሮአሬዩ «ምንም ትርፍ አልታየም» ካለ ካርዮታይፑ ተሳስቷል ማለት አይደለም። ቁራጩ ጂን የሌለበት ተደጋጋሚ ነገር ብቻ ከሆነ ማይክሮአሬይ አያየውም፤ ይህም ለተሸካሚው መልካም ዜና ነው። በጣም ጥቂት ህዋስ ላይ ብቻ ያለን ቁራጭም ሊያልፈው ይችላል፤ ይህኛው ደግሞ መልካም ዜና ላይሆን ይችላል። ሁለቱን የሚለየው የህዋሱ ቆጠራ ስለሆነ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ሳያስቀምጥ የሚፈርድን ሰው አይስሙ።

ምንጩ ከታወቀ በኋላ ሐኪምዎ ከሌሎች ሰዎች ጋር እንዲያነጻጽረው ይጠይቁ። በጀርመን «የና» በምትባል ከተማ የሚሠራው የክሮሞሶም ተመራማሪ ቶማስ ሊር በዓለም ዙሪያ የተመዘገቡ የማርከር ተሸካሚዎችን በየክሮሞሶሙ ሰብስቦ በነጻ ያቀርባል፤ ተመሳሳይ ቁራጭ ይዘው በጤና የሚኖሩ ሰዎች መኖር አለመኖራቸው እዚያ ይታያል። ድሬዳዋም ሐረርም ያለ ሐኪም በኮምፒውተሩ ሊያየው ይችላል፤ አብዛኛው ሐኪም እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ዘወትር ስለማያጋጥመው እርስዎ ቢያስታውሱት አይቀየምም።

ጽንስ ሲወርድና ሲጸነስ

ቁራጩ መገኘቱ ጽንሱ ለምን እንደወረደ መለሰ ማለት አይደለም። ከታወቁ እርግዝናዎች ከ100 ከ10 እስከ 20 ያህሉ በራሳቸው ይወርዳሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚወርዱት ግማሽ ያህሉ በዚያው ጽንስ ላይ ብቻ በአጋጣሚ በተፈጠረ የክሮሞሶም ስሕተት ነው። ማርከር ተገኘ ተብሎ የታይሮይድ፣ የማሕፀን ቅርጽ፣ የስኳርና የደም መርጋት ምርመራው ከተቋረጠ ሊታከም የሚችል ነገር ታልፎ ይቀራል። እህቴን ከሁሉ በላይ የለመንኳት ይህን ምርመራ እንዳታቋርጥ ነው። ባሏ አብሯት ሄደ፤ ወሬው የቆመውም እሱ ጉዳዩን የሁለታችን ነው ማለት ሲጀምር ነው።

ቁራጩ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ እስከ ግማሽ ይደርሳል። ጤነኛ ወላጅ በሁሉም ህዋሱ የያዘው ቁራጭ ወደ ልጅ ቢተላለፍ ልጁም ጤነኛ የመሆን ዕድሉ እጅግ ከፍ ያለ ነው። በጽንስ ላይ እንደ አዲስ የተፈጠረና ምንጩ ያልታወቀ ማርከር ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል፤ በ1991 እ.ኤ.አ. የክሮሞሶም ተመራማሪዋ ዶሮቲ ዋርበርተን ያሳተመችው ሰፊ ጥናት ከባድ የአካል ጉድለት የሚገኘው ከ100 በ13 ያህሉ እንደሆነ አሳይቷል። ይህ አኃዝ አዲስ ለተፈጠረ ብቻ ነው። ከእናት ለተወረሰ ቁራጭ ማንም ሰው ይህን ቁጥር እንዲነግርዎት አይፍቀዱ።

በእርግዝና ጊዜ ከ18 እስከ 22 ሳምንት ባለው ጊዜ ዝርዝር የአልትራሳውንድ ምርመራ ያድርጉ። በእናት ደም የሚሠራው አዲሱ የጽንስ ምርመራ ማርከርን ለመለየት አያስተማምንም። እርግጠኛ መልስ የሚሰጠው ከ15 ሳምንት በኋላ የሽርት ውኃ ተቀድቶ ሲመረመር ነው፤ ጽንስ የማስወረድ ስጋቱ ከ100 ከአንድ በታች ቢሆንም ስላለ፣ ከሐኪም ጋር ተመካክሮ የሚወሰን እንጂ የግዴታ አይደለም። በጽንሱ ላይ ማርከር ከተገኘ ከአንድ ወላጅ ብቻ የመጣ ጥንድ ክሮሞሶም መኖር አለመኖሩን ማጣራትም ያስፈልጋል፤ በተለይ ለ14ኛው እና ለ15ኛው። ለዚህኛው የእናትና የአባት ዲኤንኤ ከልጁ ጋር ይነጻጸራል። እንዲህ ያለ ንጽጽር የሥጋ አባትነትንም ስለሚያሳይ፣ ቤተሰቡ ከመቀዳቱ በፊት ይህን አውቆ መፍቀድ አለበት። ባለሙያ ሆኖ ይህን ሳይናገር ደም የሚቀዳ ሰው ከባድ በደል ይፈጽማል ብዬ አምናለሁ።

ለማን ይነገር?

ቁራጩ የተወረሰ ከሆነ ለእህትና ለወንድም ይነገር፤ ለሠፈር አይነገር። ከዘመድ ጋብቻ ጋር ግንኙነት የለውም፣ ከእርግማን ጋርም የለውም፣ እናት በእርግዝና ጊዜ ከበላችው ወይም ከሠራችው ጋርም የለውም። ጤነኛ ሕፃናትን ግን አያስመርምሩ። ወንድሜ ሁለቱን ልጆቹን አሁኑኑ እንድቀዳለት ጠይቆኝ ነበር፤ እምቢ አልኩት። እድገታቸው ደህና ከሆነ ውጤቱ የሚጠቅማቸው ራሳቸው ልጅ ለመውለድ ሲያስቡ ነው፤ ያኔ የመወሰን መብቱ የእነርሱ ነው። ልጁ ለመናገር ወይም ለመራመድ ከዘገየ፣ ወይም የሚጥለው ከሆነ ግን ሳይዘገይ ይመርመር።

የካርዮታይፑን ወረቀት፣ የክሮሞሶሞቹን ፎቶግራፍ፣ የፊሽና የማይክሮአሬይ ውጤት ሁሉ ቅጂ ከላቦራቶሪው ይጠይቁ፤ «ደህና ነው» የሚል የቃል መልስ ተቀብለው አይውጡ። አንዱን ቅጂ ለእርግዝና ክትትል ወደሚሄዱበት ቦታ ይውሰዱ፣ አንዱን ለእህትዎ ወይም ለወንድምዎ ይስጡ፤ የላቦራቶሪውን የናሙና ቁጥር በእያንዳንዱ ላይ ይጻፉበት፤ ቀጣዩ ሰው ሲመረመር ማዘዣው ላይ የሚጠቀሰው ያ ቁጥር ነው።